የእኔ ሠላሳ ስድስት ደቂቃ

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ካዛንቺስ በሚገኝ አንድ የግል ሆስፒታል ውስጥ የኔትወርክ ባለሙያ ነበርኩ። «ባለሙያ» የምትለዋን ቃል እንዴት እንደምወዳት አትጠይቁኝ። አንገቴ ላይ በማንጠለጥለው መታወቂያ ላይ ተጽፋ ነበር፤ ጠዋት ከቂርቆስ ታክሲ ስይዝ ብርድም ቢሆን ጃኬቴን አልቆልፍም ነበር፣ መታወቂያው እንዲታይ። እናቴ ደግሞ ለዕድር ጓደኞቿ «ሊያ እጇን ካላስገባችበት እዚያ ሆስፒታል አንድ ነገር አይሠራም» ትላለች። አማርኛና ትግርኛ እየቀላቀለች ነው የምታወራው፤ ኩራት ሲመጣባት ትግርኛው ይበዛል።

እውነቷን ነበር፤ ማለቴ፣ ግማሹን። ሆስፒታሉ አንድ የኔትወርክ ሰው ብቻ ነበረው፤ እሷም እኔ ነበርኩ። ከእኔ በፊት ብሩክ የሚባል ልጅ ነበር። ሌላ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ የክፍሉን ቁልፍና የይለፍ ቃሎቹን አስረከበኝ። ከዚያ በኋላ የሠራሁትን አይቶ «ይቺን ረስተሻል» የሚለኝ ሰው አልነበረም። ይህም በጣም ይመቸኝ ነበር።

ሆስፒታሉ ሁለት ሕንፃ አለው። ዋናው ካዛንቺስ ነው፤ ድንገተኛ ክፍሉም ቀዶ ሕክምናውም እዚያ ነው። ሁለተኛው ወደ ኡራኤል ወረድ ብሎ ነው፤ ሲቲ ስካን ማሽኑ ያለው እዚያ ነው። በሽተኛው በአምቡላንስ ኡራኤል ደርሶ፣ ምስል ተነስቶ ይመለሳል። ምስሉ ግን አምቡላንስ አይጠብቅም፤ በኔትወርክ መጥቶ በሽተኛው ከመመለሱ በፊት ሐኪሙ ፊት ይከፈታል። ሁለቱን ሕንፃዎች ያገናኘኋቸው እኔ ነኝ። አሁን የምነግራችሁ ሐሙስ ከመምጣቱ ሰባት ወር በፊት። የመጀመሪያው ምስል ያለፈ ቀን ኬክ ተቆርጦልኛል፤ ፎቶውም ስልኬ ላይ ነበር።

አሁን ስለ ራውተር ትንሽ ልንገራችሁ፤ ይህን ካላወቃችሁ የሆነው ነገር አይገባችሁም። ሁለቱን ሕንፃዎች የሚያገናኘው ሳጥን ራውተር ይባላል። በውስጡ ሁለት ማስታወሻ አለው። አንደኛው አሁን እየሠራበት ያለው ነው፤ ያዘዛችሁትን ወዲያው ይቀበላል፣ ኃይል ሲቋረጥ ግን ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። ሁለተኛው የተቀመጠው ነው። ራውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ የሚያነበው ይህን ሁለተኛውን ብቻ ነው። ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው የሚያስቀምጠው ትዕዛዝ አጭር ነው፤ «ደብሊው፣ አር» ብሎ ኢንተር መጫን። በቃ። ሦስት ጊዜ ጣት ማሳረፍ ነው።

ብሩክ «አዲስ ነገር ስትሠሪ ቶሎ አታስቀምጪ፤ አንድ ቀን ሞክሪው፣ ከተበላሸ አጥፍተሽ ስታበሪው ወደ ድሮው ይመለስልሻል» ብሎኝ ነበር። ጥሩ ምክር ነው። የሁለቱን ሕንፃዎች መስመር ስዘረጋም እንደዚያው አደረግኩ፤ ሳላስቀምጥ ሞከርኩት፤ ሠራ፤ ኬክ ተቆረጠ።

ሐሙስ ዕለት ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከአምስት ላይ መብራት ጠፋ። ካዛንቺስ ያን ሰሞን በየአቅጣጫው ይቆፈር ስለነበር መብራት መሄድ ብርቅ አልነበረም። ጄኔሬተሩ በሰከንዶች ውስጥ ይነሳል፤ እስኪነሳ ድረስ የእኔን ክፍል ባትሪ ይይዘዋል። እኔ ካርድ ክፍል ነበርኩ፤ ወረቀት የጎረሰ ፕሪንተር ሆዱን ከፍቼ እየጎረጎርኩ። የካርድ ክፍሉ ልጆች «ኡፍ» አሉና እጃቸውን አጣጥፈው የጄኔሬተሩን ድምፅ ጠበቁ። እኔም ጠበቅኩ። ድምፅ የለም። አንድ ደቂቃ። ሁለት።

ደረጃውን ወርጄ ወደ ጓሮ ሮጥኩ። ጋሽ ግርማ የጄኔሬተሩን በር ከፍቶ በግማሽ ሰውነቱ ውስጥ ገብቷል። የሆስፒታሉ ኤሌክትሪሻን ነው፤ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት የቀረው፣ ሰው ሁሉ የሚወደው ሽማግሌ።

«ጋሽ ግርማ፣ ምን ሆኖ ነው?»

«ባትሪው! የባትሪው ገመድ ላልቷል ልጄ! ስንቴ ነው አዲስ ግዙልኝ ያልኳቸው!» እጁ በጥቁር ዘይት ተለውሷል፤ ግንባሩ ላይ ላብ ይወርዳል።

ወደ ክፍሌ ስመለስ ባትሪዬ እየጮኸ ነበር። በር ላይ እንደቆምኩ ጩኸቱ ቆመ። የመሣሪያዎቹ መብራቶች አንድ በአንድ ጠፉ። አራት ሰዓት ከአሥራ አንድ። ያኔ እንኳ አልደነገጥኩም፤ እውነቴን ነው። «መብራት ሲመጣ ሁሉም ይነሳል» አልኩ በልቤ።

አራት ሰዓት ከአሥራ ስድስት ላይ ጄኔሬተሩ ተነሳ። ራውተሩ ለመነሳት አራት ደቂቃ ይፈጅበታል። ካርድ ክፍል ሠራ፤ ፋርማሲው ሠራ፤ ላብራቶሪው ሠራ። ወንበሬ ላይ ተደግፌ ተነፈስኩ። ያኔ ስልኬ ጮኸ። ሄኖክ ነው፤ ኡራኤል የሲቲ ስካን ማሽኑን የሚሠራው ልጅ።

«ሊያ፣ የሴትዮዋ ምስል አልሄድ አለኝ።»

«የትኛዋ ሴትዮ?»

«ከደረጃ የወደቀችው መምህርት። ጭንቅላቷን ነው። አምቡላንሱ ይዟት ተመልሷል እኮ፤ ደርሳለች። ምስሉ ግማሽ መንገድ ላይ እያለ ነው መብራታችሁ የሄደው። ደግሜ ብልከው፣ ብልከው እንቢ አለ።»

«ቆይ፣ አሁን ይነሳል» አልኩት።

ክፍሌ ከድንገተኛው ኮሪደር ጋር ይዋሰናል። ለማየት ወጣ ስል አንድ ሰውዬ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ሃምሳ ዓመት ይሆነዋል፤ ሸሚዙ ላይ ደም አለ። በግራ እጁ አንድ የሴት ጫማ ይዟል። አንድ ብቻ። መታወቂያዬን አይቶ ቀረበኝ።

«የኮምፒውተሩ ባለሙያ አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«የባለቤቴ ምስል ነው የሚጠበቀው። ከአንቺ ጋር ነው አሉኝ።»

ምን ብዬ እንደመለስኩለት አላስታውስም። ከኋላው ዶክተር ዮናስ ሲመጣ አየሁ፤ የአንጎል ቀዶ ሐኪማችን ነው። በፍጥነት የሚራመድ ሰው አልነበረም፤ ያን ቀን ይሮጥ ነበር። ክንዴን ይዞ ወደ ክፍሌ አስገባኝና በሩን ዘጋው።

«ሊያ፣ ሴትዮዋ እንቅልፍ እየወሰዳት ነው። አንዱ የዓይኗ ብሌን ሰፍቷል። ውስጥ ደም እየፈሰሰ ነው፤ ይሄ ግልጽ ነው። የት እንደሆነ ግን ማየት አለብኝ።»

«ሄኖክ በስልክ ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ላይ ቢልክልዎትስ?»

«ልኳል። ዳታው ከመብራቱ ጋር ነው የሞተው፤ ሦስት ፎቶ ብቻ ነው የደረሰኝ፣ እሱም የተንቀጠቀጠ። በዚያ የሰው ራስ ቅል አልከፍትም። በሲዲ ገልብጠህ ለሾፌር ስጠው ብዬዋለሁ፤ መንገዱ ግን ታውቂዋለሽ።» ሰዓቱን አየ። «ሃያ ደቂቃ እጠብቃለሁ። ከዚያ በጭፍን እገባለሁ። በጭፍን መግባት ምን ማለት እንደሆነ እንዳስረዳሽ አታድርጊኝ።»

ወጣ።

ላፕቶፔን በሰማያዊው ገመድ ከራውተሩ ጋር አገናኘሁት። የተቀመጠውን አሳየኝ የሚለውን ትዕዛዝ ጻፍኩ። ኢንተር ተጫንኩ። ጥቁሩ መስኮት በነጭ ጽሑፍ ተሞላ። የመጀመሪያው መስመር ይህ ማስታወሻ መጨረሻ የተቀመጠበትን ቀንና ያስቀመጠውን ሰው ስም ይናገራል። ቀኑ ከአሥራ አራት ወር በፊት ነው። ስሙ ብሩክ ነው።

ወደ ታች ወረድኩ። የኡራኤልን መስመር ፈለግኩ። እንደገና ወደ ላይ ወጣሁ። ምናልባት ዓይኔ ዘሎት ይሆናል ብዬ መስመር በመስመር፣ በጣቴ እየነካሁ አነበብኩ። ኡራኤል የለም። የካርድ ክፍሉ፣ የፋርማሲው፣ የላብራቶሪው፣ ብሩክ የሠራው ሁሉ በየቦታው አለ። እኔ የሠራሁት አንድም ነገር የለም። ሰባት ወር ሙሉ በቀን ሃያ ሠላሳ ምስል ሲመላለስበት የነበረው መስመር አንዴም ተቀምጦ አያውቅም። ሞክሬው፣ ሠርቶ፣ ኬክ በልቼ፣ ረስቼዋለሁ።

«አይ እግዚአብሔር» ብዬ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። በሩ ተንኳኳ፤ የጫማው ሰውዬ ነው።

«ልጄ፣ ሆነ?»

«አልሆነም። እየሠራሁ ነው።»

«በእግዚአብሔር…» አለና ቀሪውን ዋጠው።

ሁሉንም ነገር ከአእምሮዬ አውጥቼ መጻፍ ጀመርኩ። አድራሻዎቹን አስታውሳቸዋለሁ። መረጃው የሚያልፍባቸውን መንገዶች አስታውሳቸዋለሁ። አንድ ነገር ግን አላስታውስም፤ ሁለቱ ራውተሮች የሚተዋወቁበት ምስጢር ቃል። በወቅቱ ጎበዝ መስዬ ለመታየት አሥራ ስምንት ፊደል አድርጌዋለሁ፤ ቁጥር፣ ምልክት፣ ትልቅና ትንሽ ፊደል የተደባለቀበት። የትም አልጻፍኩትም። ያ ቃል በዚያ ሰዓት በዓለም ላይ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ኡራኤል ያለው ራውተር ውስጥ።

ደወልኩ። አልገባም። ደወልኩ። «የደወሉላቸው ደንበኛ…» ደወልኩ። በአራተኛው ሄኖክ አነሳው።

«ሄኖክ፣ ስማኝ። ኮምፒውተርህ ዴስክቶፕ ላይ ሁለት ትናንሽ ኮምፒውተሮች በመብረቅ የተያያዙበት ምልክት አለ። አገኘኸው?»

«ቆይ… ቆይ… አዎ። ይሄ ምንድን ነው?»

«ክፈተው። ጥቁር መስኮት ይመጣል።»

«መጣ። ስም ይላል። ሊያ፣ እኔ ይሄን ነገር ነክቼው አላውቅም። ባበላሸውስ?»

«ከዚህ በላይ የሚበላሽ ነገር የለም። የምልህን ብቻ ጻፍ።»

የመግቢያ ስሙን ነገርኩት። የይለፍ ቃሉን ነገርኩት። ተሳሳተ። ደገመው። ገባ። ልክ እንደገባ እንዲህ አለኝ፦

«ኧረ እዚህም መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ ነው።»

ኡራኤል ያለውንም ራውተር ያዋቀርኩት ያን ዕለት ነው። እሱንም አላስቀመጥኩትም። የእሱ ባትሪ ደግሞ ባለፈው ሳምንት ተበላሽቶ ተነስቷል። ያ ቃል ከጠፋ ሁለቱንም ጫፍ ከዜሮ መሥራት ነው፤ አንዱን በእኔ እጅ፣ ሌላውን ራውተር ነክቶ በማያውቅ ልጅ እጅ፣ በሚቆራረጥ ስልክ። ያን ሁሉ ሠርቶ ለሴትዮዋ መድረስ የሚባል ነገር የለም።

«ሄኖክ! ሌላ ነገር እንዳትነካ። ደብሊው፣ አር፣ ኢንተር!»

«ምን?»

«ደብሊው! አር! ኢንተር!»

«ደብሊው… አር…» የቁልፉ ድምፅ ይሰማኛል። «እ… እያሰበ ነው። ቆመ። ኦኬ ይላል።»

«ኦኬ ነው የሚለው? አስተካክለህ አንብብልኝ።»

«ኦ፣ ኬ። ኦኬ ነው የሚለው ሊያ።»

አንድ ደቂቃ አልሞላም። ስልኩ ውስጥ አንድ ሰው ሲጮህ ሰማሁ። ሄኖክ «ሄደ!» አለ። ጥቂት ሰከንድ አለፈ። ከዚያ «ጄኔሬተር ተነስቷል፤ የእኛ ቶሎ ነው የሚነሳው። የማሽኑ ኮምፒውተር አልጠፋም፤ የራሱ ባትሪ አለው። ያንቺ ጥቁር መስኮት ግን ተዘጋ» አለኝ።

ራውተሩ እስኪነሳ አራት ደቂቃ። ምንም ማድረግ አይቻልም። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ የግድግዳውን ሰዓት አየሁ። ከኮሪደሩ የሴት ድምፅ መጣ፤ ነርስ ናት፤ «መምህርት አልማዝ! አልማዝ! ዓይንሽን ክፈቺ!» ትላለች። ስሟን ያወቅኩት ያኔ ነው። ከዚያ በፊት ለእኔ «የሴትዮዋ ምስል» ነበረች።

«መጣ» አለ ሄኖክ። ድጋሚ ገባ። የተቀመጠውን የሚያሳየውን ትዕዛዝ ፊደል በፊደል ነገርኩትና ጻፈው። «ብዙ ጽሑፍ መጣ» አለ። በእንግሊዝኛ «ኪ»፣ ማለትም ቁልፍ፣ የምትል ቃል ያለችበትን መስመር እንዲፈልግ ነገርኩት።

«አገኘሁት! ላንብብልሽ?»

«አንብብ። ቀስ ብለህ።»

«ትንሿ ኬ። ሰባት። ትልቁ ኤም—»

«ኤም ነው ኤን?»

«ኤም። ኤም እንደ ማርያም።»

«ማርያም። ቀጥል።»

«የዶላር ምልክት። ትንሿ አር። ክብ…»

አሥራ ስምንቱንም ጻፍኩ። ኢንተር። መስመሩ አልነሳም። እንደገና። አልነሳም። በሩ ተከፈተ፤ ዶክተር ዮናስ ነው፤ የቀዶ ክፍል ልብሱን ለብሷል። ፊቴን አየና «አስገቧት» አለ ለነርሷ። የጫማው ሰውዬ ከኋላው ቆሞ ሁለታችንንም በየተራ ያያል።

«ዶክተር፣ ሁለት ደቂቃ! እለምንዎታለሁ!» አልኩ። ከዚያ ወደ ስልኩ፦ «ሄኖክ፣ ያ ክቡ። ዜሮ ነው ኦ?»

«ክብ ነው።»

«መሃሉ ላይ ጭረት አለው?»

«ቆይ ላጉላው… አዎ። ተሰርዟል።»

ዜሮ ነው። ኦ ብዬ ነበር የጻፍኩት። አስተካከልኩት። ሦስት ሰከንድ ያህል ምንም አልሆነም። ከዚያ መስመሩ መነሳቱን የሚናገረው ጽሑፍ ወጣ። «ላከው!» ብዬ ጮህኩ፤ ሄኖክም ከወዲያ «እየሄደ ነው! እየሄደ ነው!» እያለ ይጮሃል። ዶክተር ዮናስ ሮጦ ወጣ። አራት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ነበር።

ሲዲውን የያዘው ሾፌር አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ደረሰ።

ቀዶ ሕክምናው ሦስት ሰዓት ፈጀ። መምህርት አልማዝ አልሞተችም። በሦስተኛው ቀን ዓይኗን ገለጠች። ቀኝ እጇ ግን አልታዘዝ አላት፤ ንግግሯም ተጎተተ። ዶክተር ዮናስን በኮሪደር አስቁሜ «ምስሉ ቶሎ ቢደርስልዎ ኖሮ ይሄ አይሆንም ነበር?» አልኩት። «ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። እንዲህ ነው ብዬ ልዋሽሽ አልችልም» አለ። እስከ ዛሬ ያለኝ መልስ ይሄ ብቻ ነው።

አሁን የማፍርበት ይመጣል።

አርብ ጠዋት አስተዳዳሪያችን ወይዘሮ አስቴር ስብሰባ ጠሩ። «አርባ ሰባት ደቂቃ ሙሉ ሆስፒታሉ ያለ ምስል ቆይቷል። ይህ የሆነው ጄኔሬተሩ በሰዓቱ ባለመነሳቱ ነው» አሉ። ጋሽ ግርማ ቆሞ «ባትሪው እንዲቀየር ሁለት ጊዜ ጽፌያለሁ» አለ። «ገመድ መላላቱን ማየት የማን ሥራ ነው?» አሉት። ቁጭ አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና «ሊያ በሠራችው ሥራ ግን ሁላችንም ኮርተናል» አሉ። ሰው አጨበጨበልኝ።

እኔም ዝም አልኩ።

ሂሳቡን ከእኔ በላይ የሚያውቀው ሰው አልነበረም። ጄኔሬተሩ የዘገየው አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። የቀሩት ሠላሳ ስድስቱ የእኔ ናቸው። ራውተሩ ሲነሳ የሚፈጅበትን አራት ደቂቃ ብቀንስ ሠላሳ ሁለት ይሆናሉ፤ ቀንሼ አላውቅም። ይህን የሚያሳየው ያ የተቀመጠው ማስታወሻ ብቻ ነበር፤ እሱንም አስተካክዬ በላዩ ላይ አዲሱን አስቀምጬበታለሁ። ከማስቀመጤ በፊት ግን የድሮውን ገልብጬ ላፕቶፔ ላይ አስቀርቼው ነበር። ለምን እንዳስቀረሁት አላውቅም። ልማድ ይሆናል። ሁለት ቀን ሙሉ ያን ፋይል እየከፈትኩ የብሩክን ስምና ቀኑን አየሁ። ብሰርዘው ማንም አያውቅም። ጣቴን ማጥፊያው ላይ ሁሉ አድርጌያለሁ።

ቅዳሜ ማታ እራት ላይ እናቴ ጉርሻ ስትሰጠኝ አፌን መክፈት አቃተኝ። «ጓለይ፣ እንታይ ኮይንኪ? ልጄ፣ ምን ሆነሻል?» አለችኝ። ነገርኳት። አንድም ሳይቀር። ታጽናናኛለች ብዬ ነበር። እጇን ታጥባ መጣችና «ጋሽ ግርማ ልጆች አሉት?» አለችኝ። «ሦስት» አልኳት። ምግቡን አነሳችው።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ ግርማ የሥራ ማገጃ ደብዳቤ ደረሰው። እኔም ያን ፋይል አትሜ ወይዘሮ አስቴር ቢሮ ገባሁ። ወረቀቱን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጬ የመጀመሪያውን መስመር በጣቴ እያሳየሁ አስረዳኋቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሊያ፣ ምን እያደረግሽ እንደሆነ ገብቶሻል? መብራት ጠፋ ማለት አንድ ነገር ነው። ባለሙያችን ረሳች ማለት ሌላ ነገር ነው። የሴትዮዋ ቤተሰብ ሊከሰን ይችላል።»

«ገብቶኛል።»

«ይህን ወረቀት ይዘሽ ብትወጪ፣ እኔ አላየሁትም።»

እውነቴን ልንገራችሁ፤ እጄ ወደ ወረቀቱ ተንቀሳቅሷል። ክፉ ሴት አልነበሩም፤ የሚጠብቁት ሁለት መቶ ሰው የሚበላበት ቤት ነው። ግን እጄ መንገድ ላይ ቆመ። «እዚሁ ይቀመጥ» አልኩና ወጣሁ። 

በሳምንቱ ከሥራ ተሰናበትኩ። ጋሽ ግርማ በማስጠንቀቂያ ተመለሰ። ዕቃዬን ልሰበስብ የሄድኩ ቀን ጓሮ አገኘሁትና ይቅርታ ጠየቅኩት። ወዲያው አላቀፈኝም፤ እንደምትጠብቁት አልሆነም። «አራት ቀን» አለኝ። «ከሐሙስ እስከ ሰኞ። እኔ ነኝ ለዚህ ያበቃኋት እያልኩ አራት ሌሊት አልተኛሁም፣ ተቀምጬ ነው የነጋልኝ። አንቺ ግን ታውቂ ነበር።» ልሄድ ስዞር «ልጄ» ብሎ ጠራኝ። «የእኔም አሥራ አንድ ደቂቃ አለ። እሱን አልክድም» አለና ወደ ጄኔሬተሩ ተመለሰ።

ከሁሉም የከበደኝ የጫማው ሰውዬ ነበር። ስማቸው አቶ ታደሰ ነው። ባለቤታቸው የተኛችበት ክፍል በር ላይ አገኘኋቸውና ሁሉንም ነገርኳቸው። እስክጨርስ አላቋረጡኝም።

«ለምን ነገርሽኝ?» አሉኝ።

«ማወቅ ያለብዎት መስሎኝ ነው።»

«ለእኔ ብለሽ ነው ለራስሽ?»

«አሁን ሂጂ» አሉኝ። «ከፈለገች እሷው ትጠራሻለች።» አልከሰሱም። ለምን እንዳልከሰሱም አልጠየቅኩም።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ አንድ ነገር ብቻ ልበላችሁ። መርሳት የሰው ነው፤ ለረሳሁት ነገር ራሴን ይቅር ማለት፣ ቢከብድም፣ ይቻለኛል። ያ ጭብጨባ ግን እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ከሐሙስ በፊት ውሸት ማለት የሚነገር ነገር ይመስለኝ ነበር። አርብ ዕለት አንድ ቃል ሳይወጣኝ በሕይወቴ ትልቁን ውሸት ዋሸሁ፤ በላዩ ላይም ተጨበጨበልኝ። ምናልባት እናንተም አሁን አንድ ሰው በእናንተ ጥፋት ተወቅሶ፣ እናንተ ዝም ብላችሁ የተቀመጣችሁበት ወንበር ይኖር ይሆናል። ስትነሱ ምን እንደሚገጥማችሁ አላውቅም፤ እኔን ሥራ አሳጥቶኛል። የምመክራችሁ ግን ቶሎ ተነሱ ብዬ ነው። እኔ አራት ቀን ቆየሁ፤ እነዚያን አራት ቀናት ለጋሽ ግርማ የምመልስበት መንገድ እስካሁን አላገኘሁም።

አሁን የምሠራው አንድ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ ነው። መታወቂያ የለንም።

ከስምንት ወር በኋላ አቶ ታደሰ ደወሉ። «ትፈልግሻለች» አሉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ቤታቸው ቡልጋሪያ የሚባለው ሰፈር ነው። መምህርት አልማዝ መስኮቱ ሥር ጠረጴዛ ፊት ተቀምጣ ነበር፤ ፀጉሯ አጥሮ በቅሏል፤ ቀኝ እጇ ጭኗ ላይ ተኝቷል። ቃላቱን አንድ በአንድ እየፈለገች «ንገሪኝ» አለችኝ። ነገርኳት። ሳይገባት ሲቀር «እንደገና» ትላለች፤ አስተማሪ ናት፤ በግማሽ አታሳልፈኝም። ሁለቱን ማስታወሻዎች እስክትረዳ ሦስት ጊዜ አስረዳኋት። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም። ይቅር አልልሽምም አላለችኝም።

ከዚያ በግራ እጇ መስመር የሌለው ነጭ ደብተር ገፋ አደረገችልኝ። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ እንደ ሕፃን ጽሑፍ ወደ ላይና ወደ ታች የሚወላገዱ ፊደሎች አሉ። በግራዋ መጻፍ እየተማረች ነው። ማስመሪያና እርሳስ አቀበለችኝ።

«ማስመሪያውን… የሚይዝልኝ… እጅ የለኝም» አለችኝ። «አስምሪልኝ።»

ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። አቶ ታደሰ ሻይ አምጥተው አስቀመጡልን፤ ቀዘቀዘ። እሷ መስመሩ ሲጠምም በጣቷ እየነካች «ይሄኛው» ትለኛለች፣ እኔም አጥፍቼ እደግመዋለሁ። መሸት ሲል የደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ደረስን።